ሜላ ሙተር ያቺን እናት ስትስላት ልጇ በህይወት ነበር

ባለፈው እትም ከመቶ ዓመት በፊት ፓሪስ ስለነበሩ ስደተኛ ሰዓሊዎች ስንጽፍ ሜላ ሙተርን በአንድ መስመር ነክተን ነበር ያለፍነው፣ ዋርሶ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዳ ፓሪስ የኖረች ሰዓሊ ብለን። ከዛ ወዲህ ከገባልን ጥያቄ ብዙው ስለሷ ሆነና የዚህን ወር አምድ እንዳለ ለሷ ሰጠነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናል፣ ረጃጅሞቹን ቆርጠናል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ፌስቡክ ላይ ልጇን ያቀፈች የደከማት እናት ስዕል ሲዞር አየሁ፣ ስሩ ላይ "ሜላ ሙተር አንድ ልጇ ሲሞትባት በእንባ የሳለችው" ይላል። እኔም አልቅሼ ሼር አደረግኩት፣ ባለቤቴ ግን ይሄ የፌስቡክ ወሬ ነው አለኝ። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ ባለቤትሽ ልክ ነው እህቴ፣ ያለቀስሽው ግን ያለ ምክንያት አይደለም ስዕሉ ራሱ ያስለቅሳል። የላክሽልን ፎቶ በ1909 የተሳለው ዋርሶ ብሔራዊ ሙዚየም ያለው "እናትነት" የሚባለው ስራዋ ነው። ልጇ አንድሬ የተወለደው በ1900 ነው፣ የሞተው ደሞ በ1924 በአጥንት ነቀርሳ። እንግዲህ ስዕሉ ሲሳል አንድሬ የ9 ዓመት ልጅ ነበር፣ በህይወት ነበር፣ እቅፍ ውስጥ ያለው ህፃንም እሱ ሊሆን አይችልም ምክንያቱም በዛን ጊዜ እቅፍ ውስጥ የሚገባ ዕድሜ ላይ አልነበረም። በቃ ይሄን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፣ ሶስት ዓመቶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።

ነገርየው ግን እዚህ ላይ ባያልቅ ደስ ይለኛል ምክንያቱም ይሄ ወሬ በአንድ ስዕል ላይ ብቻ የተለጠፈ አይደለም፣ ስለ ሙተር በሚጻፈው ነገር ሁሉ ላይ አለ። መከራዋ እውነት ነው። ከባሏ ጋር ትዳሯ ፈረሰ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሬይሞን ሌፌቭር የሚባል ከሷ 15 ዓመት የሚያንስ ፈረንሳዊ ጸሐፊና ሶሻሊስት ወደደች፣ ሰውየው በ1920 ለኮሚንተርን (የኮሚኒስት ፓርቲዎች ዓለም አቀፍ ማህበር) ሁለተኛ ጉባኤ ሞስኮ ሄዶ ሲመለስ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በሙርማንስክ በኩል በትንሽ ጀልባ ባህር ገቡና በዛው ጠፉ፣ ሬሳም አልተገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ልጇ። ይሄን ያነበበ ሰው ከዛ ወደ ስዕሎቿ ዞሮ ያቺን ጎስቋላ እናት፣ ያንን የተጎሳቆለ ሽማግሌ፣ ያንን አይኑ የፈጠጠ ህፃን ሲያይ "አሃ ገባኝ" ይላል። አይገርምም። ግን ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ነው! የብሪታኒን (የሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ ጠረፍ ነው) አሳ አጥማጆች ጉስቁልና፣ ዕውሮቹን፣ ሽማግሌዎቹን፣ የተራቡትን እናቶች መሳል የጀመረችው ገና ሃያዎቹ መጨረሻና ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለች ነው፣ ባል ያላት ልጅ ያላት ሳሎን በሚባሉት ትልልቅ የፓሪስ ዓመታዊ የስዕል ኤግዚቢሽኖች ላይ ስራዋ የሚንጠለጠልላት ሴት ሆና ሳለ። "ሀዘንተኛ አገር" የሚባለው ትልቁ የብሪታኒ ስዕሏ የ1906 ነው። ማንም አልሞተባትም ነበር።

እንደውም የሚገርመው ተቃራኒው ነው። ሌፌቭርም ልጇም ከሞቱ በኋላ ቀለሟ ጨለመ ብለሽ ትጠብቂያለሽ አይደል? ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደቡብ ፈረንሳይ እየወረደች የሳለቻቸውን ተመልከቻቸው፣ ኮሊዩር ወደቡን፣ ሮን ወንዝን፣ የፕሮቫንስ ጣሪያዎችን፣ ብርቱካን የሆነ ጣሪያ ኃይለኛ አረንጓዴ ሰማያዊ ጥላ፣ በህይወቷ ከሳለቻቸው ሁሉ የበሩት እነሱ ናቸው። ለምን እንደዛ ሆነ ብትይኝ ግማሹ የደቡቡ ብርሃን ነው ግማሹ ደሞ በዛን ዘመን ፓሪስ ውስጥ ሁሉም ሰው ቀለሙን ከፍ እያደረገ ስለነበር ነው፣ ሀዘኗን ከዛ ውስጥ የሚያወጣ ካለ ይሞክር እኔ ግን አልችልም። ድሆችን የሳለችው ድሆችን ስለምታይ ነው፣ ማየት ደሞ ለሰዓሊ ስራ ነው። ስዕሎቿን የሀዘን ማስታወሻ ደብተር ስናደርጋቸው ያንን ስራዋን ነው የምንነጥቃት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ወሬው እንዲመቸው ያደረገችው ራሷም ናት በከፊል። አብዛኛው ስራዋ ላይ "ሙተር" ብላ ትፈርምና ዓመት አትጽፍም። ዓመት የሌለው ስዕል ላይ ደሞ ማንም የፈለገውን ታሪክ ይለጥፍበታል።

ጥያቄ፦ እኔ ከናካቴው ስሟን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከመጀመሪያው ብትነግሩን፣ የት ተማረች? አንድ ቦታ ላይ "ራሷን በራሷ ያስተማረች" ይላል።

መልስ፦ ስትወለድ ስሟ ማሪያ ሜላኒያ ክሊንግስላንድ ነበር፣ ዋርሶ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1876። ዋርሶ ያኔ የራሺያ ግዛት ነች፣ ፖላንድ የሚባል አገር በካርታ ላይ አልነበረም። አባቷ ፋቢያን ክሊንግስላንድ ሀብታም ነጋዴ ነበር፣ ከፖላንድ ህዝብና ባህል ጋር ከተዋሃዱት አይሁዶች ወገን፣ ቤቱ በፖላንድኛ ነው የሚወራው፣ ለጸሐፊዎችም ገንዘብ የሚሰጥ እጁ የተፈታ ሰው። ስለዚህ ልጅቷ ከድህነት አልመጣችም፣ ይሄን ከላይ ካልኩት ጋር አያይዙት። ሙተር የሚለው የባሏ ስም ግማሽ ነው፣ በ1899 ያገባችው ሚሃው ሙተርሚልህ ጸሐፊና ሃያሲ ነበር፣ ስሙን ቆርጣ አሳጠረችው።

ራሷን አስተማረች የሚለው እውነትም ነው ውሸትም ነው። ዋርሶ ውስጥ ሚዎሽ ኮታርቢንስኪ ለሴቶች የከፈተው የስዕልና የንድፍ ትምህርት ቤት ነበር እዛ ተምራለች። በ1901 ከባሏና ከህፃን ልጇ ጋር ፓሪስ ስትገባ ደሞ አካዳሚ ኮላሮሲ ለአጭር ጊዜ ገብታለች። ዋና አካዳሚ ለምን አልገባችም ለሚል፣ ሴት ነቻ! የክራኮው አካዳሚ ሴት ተማሪ መቀበል የጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ነው፣ የፓሪሱ ኤኮል ደ ቦዛርም ሴቶችን ያስገባው በ1897 ነው ያውም በስንት ጭቅጭቅ። ኮላሮሲ የግል ስለሆነ ከፈልክ ትገባለህ፣ ሴቶችም እንደ ወንዶቹ ራቁት ሞዴል ፊት ቁጭ ብለው መሳል ይችላሉ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነበር ምክንያቱም የሰው ገላ መሳል ያልተማረ ሰዓሊ በዛ ዘመን እንደ ግማሽ ሰዓሊ ነው የሚቆጠረው። ከዛ በኋላ ያለውን ራሷ ነው የሰራችው፣ ሉቭር እየሄደች፣ ብሪታኒ ኮንካርኖ እየሄደች፣ እየሳለች። ፓሪስ በገባች በዓመቱ በ1902 ሳሎን ላይ ስራዋን አሳየች፣ ከዛ የኢንዲፔንዳንቶቹ ሳሎንና የበልግ ሳሎን ተከተሉ።

ጥያቄ፦ የስነ ጥበብ ተማሪ ነኝ። እሷን "ሞደርኒስት" ሲሏት ትንሽ አልተዋጠልኝም። ኩቢዝም (ነገሩን በጂኦሜትሪ ቅርፅ ሰባብሮ የሚስለው) የለ፣ አብስትራክት የለ፣ ሰው ሰው ይመስላል ዛፍ ዛፍ ይመስላል። ምኑ ነው ሞደርን?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ሞደርኒዝም ማለት ኩቢዝም ብቻ ነው ያለህ ማን ነው? ቫን ጎግም ሰው ሰው ይመስላል። ነገሩ ያለው ምን ሳለች የሚለው ላይ ሳይሆን ሸራውን እንዴት አደረገችው የሚለው ላይ ነው፣ እስቲ ከቅርብ እንየው።

መጀመሪያ ላይ ከብሪታኒ የመጣ ነገር አለ። ኮንካርኖ ለፖን አቨን ቅርብ ነው፣ ሰዓሊው ጎጋንና ጓደኞቹ በ1880ዎቹ መጨረሻ የሰሩበት መንደር። ከዛ የተረፈው ነገር የሷ የመጀመሪያ ስዕሎች ላይ በደንብ ይታያል፣ ሰው በወፍራም ጥቁር መስመር ይከበባል፣ ውስጡ ጠፍጣፋና የደበዘዘ ቀለም ይገባበታል፣ ኋላው ያለው ባህርና ሰማይ ጥልቀት የለውም እንደ መጋረጃ ነው የተዘረጋው። ቀጥሎ ቫን ጎግ ይመጣል፣ ብሩሹ ጭረት ጭረት ሆኖ እያንዳንዱ ለብቻው ይታያል። ከ1910 ወዲህ ደሞ ጭረቶቹ መሃል ክፍተት መተው ትጀምራለች።

እዚህ ጋር ነው ዋናው። ሌላው ሰው ሸራውን መጀመሪያ ነጭ መደብ ይቀባና ነው ስዕሉን የሚጀምረው። ሙተር ብዙ ጊዜ ሳትቀባ ሻካራው ሸራ ላይ በቀጥታ ትሰራለች፣ ቡናማው የጨርቁ ቀለም በጭረቶቹ መሃል እንዳለ ይቀራል፣ ጨርቁም ዘይቱን ስለሚጠጣው ቀለሙ አያብረቀርቅም ደረቅ ያለ እንደ ግድግዳ ስዕል የመሰለ ነገር ይሆናል። በፎቶ ስታየው የሰውየው ጉንጭ ላይ ያለ ጥላ ይመስልሃል፣ ቀርበህ ስታይ ግን ጥላ አልተሳለም ያልተነካ ጨርቅ ነው። እንግዲህ ይሄ ሞደርን ካልሆነ ምን ሊሆን ነው፣ ስዕሉ የተሰራበት ነገር ራሱ የስዕሉ አካል ሲሆን! የ1911 ባርሴሎና ኤግዚቢሽኗም ዳልማው ጋለሪ ነበር፣ በዓመቱ ኩቢስቶቹን ከነ ዱሻምፕ ያመጣው ያው ጋለሪ ማለት ነው። ዳልማው የድሮ ነገር የሚያሳይ ሰው አልነበረም።

ካርቶንና ኮምፖርሳቶም ትወድ ነበር፣ ብዙዎቹ ደሞ በሁለት ወገን የተሳሉ ናቸው፣ ፊቱ ላይ ፖርትሬት (የአንድ ሰው መልክ ስዕል) ካለ ጀርባው ላይ ወንዝ ወይም የአበባ ማስቀመጫ ታገኛለህ። ቁጠባ ነው የሚሉ አሉ። በከፊል ይሆናል፣ ግን ገንዘብ በነበራት ጊዜም ታደርገው ስለነበር የኔ ግምት ያለቀ ስዕል ለሷ እንደ ቅርስ የሚጠበቅ ነገር አልነበረም የሚል ነው፣ ሰሌዳ ነው ባዶ ጀርባ አለው ይሰራበት፣ በቃ። ሙዚየሞች ግን ተቸግረዋል፣ የቱን ወገን ወደ ግድግዳ ያዙሩት?

ተማሪ ከሆንክ አንድ የቤት ስራ ልስጥህ፣ ኦልጋ ቦዝናንስካን ጎን ለጎን አስቀምጠህ እያት። እሷም ፖላንዳዊት፣ እሷም ከ1898 ጀምሮ ፓሪስ፣ እሷም ፖርትሬት፣ እሷም ያልተቀባ ካርቶን ላይ የምትስል። ግን የቦዝናንስካ ሰው ከግራጫ ጭጋግ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው ጫፉ የት እንደሆነ አታውቅም፣ የሙተር ሰው ግን አጥንት አለው፣ ከባድ ነው፣ ወንበሩ ላይ ክብደቱ ያርፋል። እጆቹን በተለይ እይ። ሙተር እጅ ስትስል አታሳምርም፣ ትላልቅ ቋጠሮ ያለው እጅ ነው የምትስለው፣ የሀብታሙም የደሀውም።

ጥያቄ፦ ሀብታሞችንም ትስል ነበር ማለት ነው? የደሀ ሰዓሊ መስላኝ ነበር።

መልስ፦ በደንብ እንጂ! እንጀራዋ እኮ ፖርትሬት ነበር። በ1920ዎቹ ፓሪስ ውስጥ በጣም ከሚፈለጉት የፖርትሬት ሰዓሊዎች አንዷ ነች። አምብሯዝ ቮላርን ስላዋለች፣ የሴዛንን ስዕሎች ይሸጥ የነበረውንና ለፒካሶ በ1901 ፓሪስ ውስጥ የመጀመሪያውን ኤግዚቢሽን ያዘጋጀለትን ነጋዴ። ሙዚቀኞቹን ኤሪክ ሳቲንና ኤድጋር ቫሬዝን፣ ዲዬጎ ሪቬራን፣ የኖቤል ተሸላሚውን ጸሐፊ ቭዋዲስዋቭ ሬይሞንትን፣ አርክቴክቱን ኦጉስት ፔሬን። ፔሬ የሻንዜሊዜ ቴያትርን የሰራው ነው፣ ከሁለተኛው ጦርነት በኋላም የፈረሰችውን የለ አቭር ከተማ መልሶ የገነባት፣ በ1928 ቮዥራር መንገድ ላይ ለሙተር ቤትና ስቱዲዮ ሰርቶላታል፣ በኮንክሪት አፍቃሪነቱ የታወቀ ሰው ስለሆነ ቤቱም እንደዛው ነው። ደሀ ሰው ፔሬን ቀጥሮ ቤት አያሰራም።

እና ግን የሀብታሞቹን ፖርትሬት ስታዩ ማቆላመጥ የለበትም። ቮላርን እንደ ከረጢት ነው ያስቀመጠችው። እንዴት ከፈሏት እላለሁ አንዳንዴ።

ጥያቄ፦ ፖላንዳዊት ናት፣ አይሁድ ናት፣ ወይስ ፈረንሳዊት? አንዱ ጽሑፍ ካቶሊክም ይላታል። ግራ ገባን።

መልስ፦ አራቱም ልክ ነው። የተወለደችው ከአይሁድ ቤተሰብ፣ የራሺያ ዛር ዜጋ ሆና፣ በፖላንድኛ እያወራች። ፓሪስ ውስጥ እንደ ፖላንድ ሰዓሊ ነው የምትታወቀው፣ ከፖላንድ ሰዓሊዎች ጋር ታሳያለች፣ ዋርሶና ልቮቭ ስራዋን ትልካለች፣ ፖላንድኛ የሚጽፉ ጸሐፊዎች ቤቷ ይመላለሳሉ፣ ባለቅኔው ሌኦፖልድ ስታፍ ከቅርብ ጓደኞቿ አንዱ ነበር። በ1923 ካቶሊክ ሆነች። በ1927 የፈረንሳይ ዜግነት አገኘች።

በዛው ሰሞን ደሞ አምስተኛ ስም ተጨመረላት። አንድሬ ቫርኖ የሚባል ሃያሲ በ1925 "ኤኮል ደ ፓሪ" የሚል ስም አወጣ፣ የፓሪስ ትምህርት ቤት እንደማለት፣ ግን ትምህርት ቤት አልነበረም፣ አንድ አይነት አሳሳልም አልነበረም፣ ከየአገሩ መጥተው ፓሪስ የሰፈሩ ሰዓሊዎች የወል ስም ነው፣ ከነሱ ውስጥም ብዙዎቹ ከምስራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶች ነበሩ። ከፖላንድ ብቻ እንኳን ኪስሊንግ፣ ማርኩሲ፣ አሊስ ሃሊትስካ፣ ኤውጌኒዩሽ ዛክ አሉ፣ አሳሳላቸው አይገናኝም። ሙተር በ1901 ስትመጣ ከዚህ ሁሉ ቀድማ ነው የመጣችው፣ ዛክ 1902 ነው፣ ማርኩሲ 1903፣ ኪስሊንግ 1910፣ ሃሊትስካ 1912። ካፌ ውስጥ ሲሰክሩ የሚወራላቸው ሌሎቹ ናቸው፣ እሷ በዛ ወሬ ውስጥ የለችም፣ ልጅ እያሳደገች ፖርትሬት እየሰራች ነበር።

አይሁድነቷን እንዴት ታየው ነበር ለሚለው፣ ስዕሎቿ ውስጥ ምኩራብ፣ ራቢ፣ የአይሁድ በዓል የሚባል ነገር ጎልቶ አይታይም፣ እነዚህን ይስል እንደነበረው እንደ ሰዓሊው ሻጋል ፈልጋችሁ ብትሄዱ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። ክርስትና መነሳቷን ደሞ አንዳንዱ ክህደት ሌላው የሀዘን መጽናኛ ያደርገዋል፣ ልጇ ከመሞቱ በፊት ነው እኮ የተነሳችው፣ አሁንም ዓመቶቹን እዩ። ዞሮ ዞሮ በ1940 እሷ ራሷን ምን እንደምትል የጠየቃት ሰው አልነበረም። ከጀርመን ጋር የተባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግስት በጥቅምት 1940 ያወጣው ህግ የሚቆጥረው አያቶችን ነው፣ ሶስት አይሁድ አያት ካለህ አይሁድ ነህ፣ የጥምቀት ወረቀትህን ብታሳይም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጦርነቱን እንዴት ተረፈች? እኔ የ70 ዓመት ሰው ነኝ፣ ያ ዘመን ሲነሳ ልቤ ይደነግጣል።

መልስ፦ አባታችን፣ ወደ ደቡብ ነው የወረደችው፣ አቪኞን። ጀርመኖች በ1940 ሰሜኑንና ፓሪስን ሲይዙ ደቡቡ በቪሺ ስር ቀረ፣ ነጻ ቀጠና ይባል ነበር ነጻነቱ ለማን እንደሆነ ባይታወቅም። አቪኞን እዛ ውስጥ ነበረች። ሙተር ያኔ ከ60 ዓመት አልፏታል፣ እዛው የሴቶች የካቶሊክ ትምህርት ቤት ውስጥ ስዕልና ስነ ጥበብ እያስተማረች ኖረች። በህዳር 1942 ጀርመኖች ደቡቡንም ሲይዙት አደጋው ጨመረ፣ እሷ ግን አልተያዘችም። በዛ ሁሉ መሃል ትስል ነበር፣ የአቪኞንንና የቪልነቭን ግንቦች፣ ሮን ወንዝን፣ ከድልድዩ ጋር።

ሁሉም እንደሷ አልሆነላቸውም። ሮማን ክራምሽቲክ የሚባለው ሰዓሊ እንደሷው ዋርሶ የተወለደ አይሁድ ነው፣ እሱም ለዓመታት ፓሪስ ኖሯል፣ በ1939 ግን ፖላንድ ውስጥ እያለ ጦርነቱ ያዘው። ዋርሶ ጌቶ (ጀርመኖች አይሁዶችን አጥረው ያጎሩበት ሰፈር) ውስጥ ገብቶ የተራቡ ህፃናትን ቤተሰቦችን ይስል ነበር፣ በነሐሴ 1942 እዛው ጌቶ ውስጥ ተተኩሶበት ሞተ። ሁለቱን የለያቸው በዛ ዓመት የትኛው ከተማ ውስጥ ነበሩ የሚለው ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ከባለቅኔው ሪልከ ጋር ፍቅር ነበራቸው?

መልስ፦ በ1925 ፓሪስ ውስጥ ተዋወቁ፣ ሰውየው በ1926 መጨረሻ ሞተ፣ በመሃል ደብዳቤ ተጻጻፉ፣ ግጥምም ልኮላታል። ወዳጅነት ነው። ሪልከ ደብዳቤ ያልጻፈላት ሴት ፈልጎ ማግኘት ራሱ ይከብዳል፣ ስለዚህ ከዛ በላይ አታድርጉት። እኔ ቅር የሚለኝ ስለ ሙተር በተጻፈ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ሁሌ ሪልከ መምጣቱ ነው፣ ሸራዋን ሳያነሱ።

ጥያቄ፦ እንዲህ የታወቀች ከነበረች ለምን ተረሳች?

መልስ፦ አንድ ምክንያት የለውም። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ፓሪስ ስትመለስ 70 ዓመቷ ነው። ፖርትሬት ሊያሰሯት ይመጡ የነበሩት የድሮ ደንበኞቿ ሞተዋል ወይ ተበትነዋል። ገበያው ወደ አብስትራክት ሄዷል፣ የአንዲት አሮጊት ሴት ፖርትሬት የሚፈልግ ጋለሪ አልነበረም። ቤት ያሰራችው ሰው ነች ግን በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የኖረችው በችግር። በላዩ ላይ አይኗ እየጠፋ መጣ፣ ለሰዓሊ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል። ፖላንድ ያሉት ደሞ እሷ በ1901 ነው የሄደችው፣ በመሃል ሁለት ጦርነት ሁለት መንግስት አልፏል፣ አገሯ ውስጥ ስሟን የሚያነሳ ትውልድ አልቋል።

ግን እስከ መጨረሻው አልተረሳችም፣ ይሄ የሚዘለል ነገር ነው። በ1965 አይኗን ኦፕሬሽን ተደረገችና መልሳ ማየት ቻለች፣ በ89 ዓመቷ! በነዛው ዓመታት ኮሎኝ፣ ፓሪስ፣ ኒውዮርክ ስራዋ ታየ፣ ተሸጠም። ግንቦት 14 ቀን 1967 ፓሪስ ውስጥ ስትሞት 91 ሆኗታል፣ እንደገና መታወቅ ጀምራ ነው የሞተችው። ቦሌስዋቭ ናቭሮትስኪና ባለቤቱ ሊና የሚባሉ ፖላንዳውያን ስራዋን ሰበሰቡ፣ በ1994 ስብስባቸው ዋርሶ ብሔራዊ ሙዚየም ሲታይ ፖላንድ ውስጥ ሰው "ይቺ ከየት መጣች" አለ። አሁን ዋርሶ ጨረታ ላይ ስሟ ሲጠራ አዳራሹ ፀጥ ይላል፣ ዋጋዋ ከውድ ሰዓሊዎቻቸው ተርታ ነው።

ጥያቄ፦ በፎቶ ሳይሆን በአካል ስራዋን ማየት የምፈልግ የት ልሂድ? ፖላንድ ለትምህርት ልሄድ ነው።

መልስ፦ እድለኛ ነሽ። ቶሩን ከተማ ኮፐርኒከስ ዩኒቨርሲቲ የናቭሮትስኪዎቹን ስጦታ ይዟል፣ ስዕሎችም ወረቀቶችም፣ ግን የዩኒቨርሲቲ ስብስብ ስለሆነ ሁሌ ግድግዳ ላይ ላይኖር ይችላል ቀድመሽ ጻፊላቸው። ዋርሶ ብሔራዊ ሙዚየም ያቺ የ1909ኟ እናት አለች። ከዋርሶ ትንሽ ወጣ ብሎ ኮንስታንቺን ላይ ደሞ ቪላ ላ ፍለር የሚባል የግል ሙዚየም አለ፣ በ2010 የተከፈተ፣ ሙሉ በሙሉ ለኤኮል ደ ፓሪ ሰዓሊዎች የተሰጠ ነው፣ እዛ ከኪስሊንግና ከዛክ ጎን ታያታለሽ። ስትሄጂ ከፊት ለፊት ብቻ ቆመሽ አትመለሺ፣ ወደ ጎን ሆነሽ በብርሃኑ አቅጣጫ እይው፣ ያልተቀባው ጨርቅ እንደዛ ነው የሚታየው። ሰራተኞቹ ደግ ከሆኑ ደሞ ጀርባው ላይ ምን እንዳለ ጠይቂያቸው።